የአራስ ቤቱ ስም

እማማ ናኢማ ኩባያውን ከምራታቸው እጅ ሊነጥቁ ሲሉ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

“ደግሞ ይህን መርዝ!” አሉ። “ዐይንሽን በመስታወት አይተሽዋል? ብሌኑ ሰፍቶ የጉጉት መስሏል። ትናንት የቆሮሶ ዓሣውን ሁሉ አሳርረሽ ከፋሲሎ ሰፈር ድረስ የሚመጣ ደንበኛሽን አባረርሽ።”

“ይተዉኝ እማማ” አለች ሙኒራ፣ የተረፈውን ወደ ደረቷ አስጠግታ። “እሱ ይጠብቀኛል።”

“ማን?”

“ሂሻም ነዋ።”

ሂሻም የአሮጊቷ አንድያ ልጅ፣ የሙኒራ ባል ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል መረብ ሊያነሳ ወጥቶ ማዕበል ታንኳውን ገለበጠበት። አብሮት የነበረው መስዑድ፣ ሂሻም ሲሰጥም በዐይኑ አይቷል፤ ሬሳው ግን አልተገኘም። ሼሁ መጥተው፣ “ያየ ምስክር አለ፤ ዒዳ ተቀመጪ” ቢሏት አሻፈረኝ አለች። ጌጥ አውልቆ፣ ቤት ውሎ የባልን ሐዘን መቀመጥ ሞቱን በገዛ እጇ ማጽደቅ መስሎ ታያት። ይልቅስ ከቆላ ድባ ለገበያ ከመጣ ሥር ማሽ ሕልም የሚያሳይ ቅጠል ገዛች።

“ነፍስሽ ከሥጋሽ ወጥታ ትሄዳለች” ብሏት ነበር ሥር ማሹ። “ሕልም ውስጥ መሆንሽን የምታውቂበት ምልክት ያዢ። ያን ጊዜ ሕልሙ ይታዘዝልሻል።”

ምልክቷ መዳፏ ሆነ። ዓሣ ስትጠብስ ዘይት የላጠው ጠባሳ በሕልሟ አይኖርም።

እማማ ናኢማ የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረጉና አጠገቧ ተቀመጡ።

“ያነጋግርሻል?”

“እንደ ድሮው። ትናንት የመስዑድን ኩርፊያ እያስመሰለ አሳቀኝ።”

“እንግዲያው አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አራስ ቤት ሳለሁ፣ ስም ሳይወጣለት፣ በጆሮው የምጠራው ስም ነበር። አባቱ እንኳ አልሰማውም። በሰርጋችሁ ዋዜማ ለሱ ብቻ ነገርሁት። በይ ያን ይንገርሽ። ካልነገረሽ ይህን ቅጠል ትተይዋለሽ።”

“ወላሂ እተወዋለሁ።”

ጠጣች።

ምላሷ ደረቀ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ እንደ ውሃ ተርገበገበ። ቆይቶ ከላይ ሆና ራሷን አየች፤ አፏን ከፍታ የተኛች፣ ጉንጯ የጎደጎደ ሴት። መዳፏን ገለበጠች። ጠባሳ የለም። በደንገሉ ላይ አልፋ ወደ ሐይቁ ወጣች። ሂሻም ታንኳው ላይ ተቀምጦ የተወሳሰበ መረብ ይፈታል፤ ሸሚዙ ደረቅ ነው።

“ዘገየሽ፤ ቆሮሶው ሁሉ አለቀ” አላት እየሳቀ።

“ሂሻም፣ እናትህ አራስ ቤት ሆነው ማን ይሉህ ነበር?”

እጁ መረቡ ላይ ቆመ። ከንፈሯን ትኩር ብሎ አየ።

“አንቺ በይው፤ እኔም እለዋለሁ።”

“በአላህ ይዤሃለሁ! አንተ ብቻ የምታውቀውን ንገረኝ።”

ሂሻም ፈገግ አለ።

“ዘገየሽ” አላት። “ቆሮሶው ሁሉ አለቀ።”

ስትነቃ የመግሪብ አዛን ይሰማል። ጠባሳው መዳፏ ላይ ነው። እማማ ናኢማ ከተቀመጡበት ቦታ አልተነሱም፤ ለሶላቱ ዉዱእ እንኳ አላደረጉም። ከሰዓት ሙሉ ቅጠሉን ሲራገሙ የዋሉት ሴት አሁን መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ወደ አፏ ጎንበስ አሉ።

“እ? ነገረሽ? ምን አለሽ ልጄ?”

ሙኒራ ያኔ ገባት። ሊረቷት ብለው የጠየቁትን ጥያቄ መልስ፣ እሷ ተኝታ ሳለች በተስፋ ሲጠብቁት ኖረዋል። ‘ለእናቴ ብቻ ነው የምነግራት አለኝ’ ብትላቸው ኩባያውን ራሳቸው አንስተው ይጠጡት ነበር። ጥቂት የቀረበት ኩባያ እዚያው፣ ከጉልበታቸው አጠገብ ነው።

ሳብ አድርጋ ከኋላዋ አስቀመጠችው።

“አያውቀውም፣ እማማ” አለች። “እኔ የማላውቀውን እሱም አያውቀውም።”

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደጋግመው ነቀነቁ። አዛኑ አልቆ ከሐይቁ በኩል የሞተር ጀልባ ድምፅ መጣና ራቀ።

“እንግዳዬ ነበር የምለው” አሉ በመጨረሻ። “ከሱ በፊት የወለድኋቸው አልቆዩልኝም። ልጄ ማለት ፈራሁ።”

ሙኒራ ወደ እሳቸው ተጠግታ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች።

“ጉትቻዬን ያውልቁልኝ።”