ሙዚቃው የቆመበት እሑድ

ያን ዓመት በረዶው ቶሎ ገባ። ኅዳር ላይ ከሚውለው ከምስጋና ቀን በፊት መንገዱን ዘጋው፤ ፋሲካ እስኪቃረብም አልለቀቀንም። የምድር ቤቱ ቧንቧ ፈነዳ። ማሞቂያው እየተነሳ እየቆመ አስቸገረን። የእኔ ኩላሊት ሥራ አቆመና እጥበት ጀመርኩ። ከቀኝ እግሬ ሁለት ጣት ተቆረጠ። ልጄ ቨርኒታ የምትሠራበት የመኪና ወንበር የሚሰፋበት ፋብሪካ ደግሞ ቅዳሜን የግዴታ አደረገው። የቀረ ሰው ነጥብ ይያዝበታል፤ ነጥቡ ሲሞላ ይባረራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኮሌጅ ትማር ነበር።

አርባ አልፏታል። የሒሳብ መምህርት ልትሆን ነው። ድሮ ጀምራ የተወችውን ነው የምትጨርሰው። ኮሌጁ በደንብ ነግሯታል፦ በዚህ ዓመት ካልጨረሰች የድሮው ትምህርት አይታሰብላትም፤ ከዜሮ ትጀምራለች። ከዜሮ እንደማትጀምር እሷም እኔም እናውቃለን።

ጠዋት ክፍል ትገባለች። ከሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ፋብሪካ ናት። እሑድ ከሰዓት «ሰባት ማይል» በሚባለው መንገድ ላይ ባለው የስኬቲንግ አዳራሽ፣ ሰው ጎማ ባለው ጫማ እየተንሸራተተ በሚዞርበት፣ ሙዚቃ ታጫውታለች። ሥራዋ አይደለም፣ ፍቅር ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሙዚቃ ሸክላ ትሰበስባለች።

አንድ ቀን፣ «ይኼን ዲጄነት ለጊዜው ተይው» አልኳት።

«አባዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ነው የሚያዘኝ» አለችኝ። «እዚያ ግን እኔ ነኝ የማዝዘው። ዙሩ ስል ይዞራሉ። ወደ ኋላ ስል ወደ ኋላ ይሄዳሉ። የፋብሪካው አለቃዬ እንኳ እዚያ ይመጣና ይዞርልኛል።»

ከዚያ በኋላ አላነሳሁትም።

ከገና በኋላ የእጥበቱ ቦታ ቀኔን ቀየረው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ሆነ። የቨርኒታ ከባዱ ትምህርት ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ነው። እንዲመልሱልኝ ለመንኳቸው። በሌላ ቀን ባዶ የእጥበት ወንበር የለም አሉኝ። በሽተኛ የሚያመላልስ መኪና አለ፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይቀራል። በቀረ ቁጥር ቨርኒታ ክፍሏን ትታ ታደርሰኛለች። በአውቶቡስ ልሂድ ብዬ አንዴ ወጣሁ። ፌርማታው ጋ በረዶ ላይ ወደቅኩ። አንድ ፖስተኛ አንስቶ ቤቴ መለሰኝ። ከዚያ ወዲያ ጫማዬን እየደበቀች ነው የምትወጣው።

መምህሩ፣ ካሁን በኋላ አንድ ቀን ብትቀሪ አልቀበልሽም አላት። የዚያ ትምህርት ፈተና ደግሞ አንድ ሰኞ ጠዋት ነበር። መኪናው ከመጣ ትፈተናለች። ካልመጣ አበቃ። እኔ ማድረግ የምችለው አንድም ነገር አልነበረም። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ መንገድ ማየት ብቻ።

ወንድም አላት፤ ሮዴል ይባላል፣ ክሊቭላንድ የሚባል ሌላ ከተማ ይኖራል። የማያውቃት ሰው ታንሰዋለች ብሎ ይገምታል፤ በአንድ ዓመት ታላቁ ግን እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ሁለቱም ኮሌጅ ነበሩ። በዚያው ዓመት እኔ የምሠራበት የብረት ማቅለጫ ተዘጋ። ለሁለቱ የሚበቃ አልነበረም። ማንም ሳይነግራት ቨርኒታ ሻንጣዋን ይዛ ቤት መጣች፤ ሥራ ገባች። ሮዴል ኩሽናው ውስጥ ተቀምጦ፣ «እኔ ልጨርስ። ከዚያ ቤቱን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ትመለሻለሽ» አላት። «እሺ» አለችው።

ጨረሰ። ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ወለደ። በየበዓሉ ይመጣል። ስለዚያ ነገር ማንም አንስቶ አያውቅም። እሷም አልጠየቀችውም። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ኩሽናው ውስጥ አይቀመጥም፤ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቆሞ ነው የሚበላው።

እሑድ እሑድ እኔም አዳራሹ እሄዳለሁ። ድሮ ጥሩ እዞር ነበር። አሁን ከመዞሪያው አጥር አጠገብ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ከፈተናው በፊት በነበረው እሑድ ግን እግሬ አበጠና ቤት ቀረሁ። እዚያ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው።

አዳራሹ አንድ ልማድ አለው። ከነባሮቹ አንዱ ሲሞት በር ላይ ወረቀት አይለጠፍም፣ ማስታወቂያም አይነገርም። ዲጄው ሙዚቃውን መሀል ላይ ያቋርጠዋል። ያኔ ሁሉም ባርኔጣውን ያወልቃል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛል፣ ዝም ብሎ አንድ ዙር ይዞራል። የሚሰማው የጎማ ድምፅ ብቻ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ዲጄው የሟቹን ስም በማይክራፎን ይጠራል።

ቨርኒታ ቅዳሜን ሙሉ ቀን ፋብሪካ ውላ፣ ሌሊቱን ስታጠና አድራለች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ዲጄ ሁልጊዜ እንደዚያ ስለሚቆም ማንም ልብ አላለም። ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። ክርኗ አንዱን ቁልፍ ተጫነው መሰለኝ፣ ሙዚቃው ቀጥ አለ።

ሰዉ ባርኔጣውን አወለቀ። እጅ ለእጅ ተያያዘ። መዞር ጀመረ።

ዝምታው ቀሰቀሳት። ዓይኗን ስትገልጥ አዳራሹ በሙሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይዞራል። ሰው ሞቷል አለች በሆዷ። ማን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ዲጄ ሆና አለማወቋ አሳፈራት። ማዳመጫዋን አውርዳ እሷም አንገቷን ደፋች። ዙሩ አለቀ። እሷ ስሙን የሚነግራት ሰው ትጠብቃለች፤ እነሱ እሷን ይጠብቃሉ። ማይክራፎኑን አነሳች፣ የምትለው ጠፋት፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች እሷም አታውቀውም። ድካም ይመስለኛል።

ሰዎቹ የእኔን ወንበር አዩ። ባዶ ነው።

እየመጡ አቀፏት። እሷም አቀፈቻቸው። አንዱም አንዱን አልጠየቀም። ዕቃዋን ሰብስባ፣ ስልኳን ዘግታ፣ ለማጥናት ኮሌጅ ሄደች።

እኔ ቤቴ ሶፋው ላይ ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ። ምርኩዜን ይዤ ስከፍት ኦፊሊያ ቆማለች። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት፤ ከባለቤቴ ጋር አብራ ያደገች። በሁለት እጇ በፎይል የተሸፈነ ትልቅ ትሪ ይዛለች።

ጮኸች። ትሪውን ግን አልጣለችም።

«ኢዜል!»

«ምን ሆነሻል?»

«አንተ ነህ?»

«ማን መሰልኩሽ?»

«ሞተሃል እኮ!»

«ማን ነው ያለው?»

«ልጅህ ናት! አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት! ዛሬ ዞረንልሃል!» ትሪውን እንደያዘች ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ለአንተ አልቅሼ ዓይኔ አብጧል። ይኼን ማካሮኒ ደግሞ በሁለት ዓይነት ቺዝ ነው የሠራሁት።»

«ግቢና እንብላው።»

«ለሐዘን የተሠራ ነው፣ እንዴት ትበላዋለህ?»

«ስለ እኔ አይደል የተሠራው? የሚመለከተው እኔን ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀጥ አለ። «ወይ ጉዴ! ለሮዴል ደውዬለታለሁ።»

ያኔ ነገሩ አሳቀኝም፣ አስጨነቀኝም። ደወልኩለት። አያነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። በኋላ እንደነገረኝ፣ የቤታችን ቁጥር ሲመጣበት እህቱ መስላው፣ የምትለውን ለመስማት አቅም አጣ። እያለቀሰ ነዳ።

እስከዚያ ሰዎች መጡ። የተጠበሰ ዶሮ መጣ፣ ኬክ መጣ። ሁሉም በሩ ላይ ሲያየኝ አንድ ዓይነት ነው የሚሆነው። አንዱ፣ ተርሴል የሚባለው፣ አብረን ብረት ስናቀልጥ የነበርን ሰው፣ «ወንድም ኢዜል፣ ስለ አንተ ጥሩ ጥሩ ነገር ነበር የተናገርኩት፤ አሁን መልሼ ልወስደው ነው» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ሳልስቅ ቀረሁ። ነገ ጠዋት መኪናው ይመጣ አይመጣ እንደሆነ ነበር የማስበው።

ሊመሽ ሲል ሮዴል ደረሰ። ከመኪናው ሲወርድ ጥቁር ሱፉ ከኋላ መስኮት ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ኦፊሊያ ሮጣ ልትነግረው ወጣች፤ ግን ቀድሞ አየኝ። ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ።

«አባዬ?»

«አለሁ» አልኩት። «ስህተት ነው። ግባ፣ ብርድ ነው።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ኮታቸውን ለብሰው በጎኑ እያለፉ ወጡ። ኦፊሊያ ትከሻውን መታ አድርጋ፣ «ማካሮኒ አለ» ብላው ሄደች።

ሲገባ ቤቱን ያይ ጀመር። በበዓል ሲመጣ ቨርኒታ ሁሉን ነገር ሰብስባ ስለምትጠብቀው አያየውም ነበር። አሁን ሁሉም እንዳለ ነው። የእኔ መድኃኒት የመመገቢያውን ጠረጴዛ ሞልቶታል። መጻሕፍቷ የልብስ መተኮሻው ሰሌዳ ላይ ተደርድረዋል። የፋብሪካ ጫማዋና የእኔ ሽንት መያዣ ጎን ለጎን ናቸው። ሸክላዎቿ ኮሪደሩ ላይ እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል።

«የት ነው የምትተኛው?» አለኝ።

ሶፋውን አሳየሁት። «ሌሊት ብጠራት እንድትሰማ ብላ ነው።»

ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ኩሽና ገባ።

ቨርኒታ ስትመጣ ወንድሟ ኩሽና ተቀምጧል። ተቀምጦ። ሳህን እንኳ ፊቱ አልነበረም።

«ምን ሆነ? አባዬስ?» አለች ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«አለሁ» አልኩ ከሶፋው ላይ።

«ሞቷል ብለሽ አዙረሻል አሉ» አላት ሮዴል።

ሲነግራት ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ። መጀመሪያ አፈረች፣ ከዚያ ሳቀች። ሳቁ አልቆም አላትና ማቀዝቀዣውን ተደገፈች። «ሙዚቃውን በእንቅልፌ እኔው ነኝ ያቆምኩት ማለት ነው» አለች። «እኔ እኮ የማን ነው እያልኩ ነው ያለቀስኩት።»

ሮዴል አልሳቀም። «ነገ ምን አለሽ?»

«ፈተና።»

«እሱስ?»

«እጥበት። መኪናው ከመጣ።»

«ካልመጣስ?»

ማካሮኒውን ከፈተች፣ ዘጋችው።

«ነገ እኔ እወስደዋለሁ» አለ።

«ነገን ትወስደዋለህ። ረቡዕስ?»

«ረቡዕንም።»

«ሥራህስ?»

«ቨርኒታ፣ ክሊቭላንድም እጥበት አለ። እኛ ቤት ታች ክፍል አለ፣ ደረጃ የለውም።»

«ባለቤትህስ?»

«በመንገድ ላይ ደውዬላት፣ ሞተ ብዬ ሳለቅስ፣ ‹ቀድመን እኛ ጋ ብናመጣው ኖሮ› ብላኝ ነበር። አሁን ሞቷል ያልኳትን ሰው በሕይወቱ ይዤላት ልሄድ ነው።»

«አትቀልድ።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ቤቱን እይዛለሁ ብዬሽ ነበር። እዚሁ ወንበር ላይ።»

ቨርኒታ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ታስታውሰዋለህ እንዴ?» አለችው።

«ረስቼው አላውቅም። ብረሳውማ ኖሮ ቶሎ ቶሎ እመጣ ነበር።»

ይህን ሁሉ ሲነጋገሩ እኔ ከሶፋው ላይ እሰማለሁ። በመሀላችን ግድግዳ የለም። አንዳቸውም ዞር ብለው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እምቢ እንደምል ያውቃሉ። ይህን ቤት የገዛሁት ከማቅለጫው ባገኘሁት ነው፤ ባለቤቴ የሞተችውም እዚሁ ነው። ክሊቭላንድ ማንንም አላውቅም። ግን እምቢ ብል ቨርኒታ ትሰማኛለች፣ ትምህርቷንም ትተዋለች። ሶፋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሰኞ ጠዋት መኪናው አልመጣም። ሮዴል ወሰደኝ። ቨርኒታ ተፈተነች።

እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሁሉም አለቀ። ሐኪሙ የማዛወሪያ ወረቀት ጽፎ ሰጠ፤ ክሊቭላንድ ወንበር ተገኘልኝ። ልብሴ በሁለት ሻንጣ ገባ። ኦፊሊያ ልትሰናበተኝ መጣች።

«ሞትክ ተብሎ አልቅሰን ሳንጨርስ አሁን ክሊቭላንድ?» አለችኝ። «እንደ ሞትክ ብትቀር ይሻል ነበር።»

«እኔም እሱን ነው የምለው» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ቨርኒታ ካፖርቴን አለበሰችኝ፣ አንገትጌውን አስተካከለች፣ ግንባሬን ሳመች። ክፍል ልትገባ ስለነበር ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ሮዴል መኪናው ውስጥ አስቀመጠኝና ቀበቶውን አሰረልኝ፤ በሩን ዘጋ።

በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱን አያቸዋለሁ። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። እሱ እጁን ኪሱ ከቷል፤ እንደ ልጅነቱ መሬት መሬት ያያል።

«ዘገየሁ አይደል?» ሲላት ይሰማል።

«በጣም» አለችው።

ከዚያ አንገቱን አቅፋ ያዘችው። ሳትለቀው፣ «ካሁን በኋላ ምንም የለብህም» ስትለው ሰማሁ። እኔም አንድ ቃል ልላት ፈለግኩ። መስኮቱን የሚያወርደውን ቁልፍ በሩ ላይ በእጄ ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም። እሷ ወደ መኪናዋ እየተቻኮለች ሄደች።