ጥቁሩ ስክሪንና የአስናቀ ዝምታ

ርሆቦት ከሐዋሳ ተዛውራ ጣና ዳር ወዳለው የሐይቅ ጥናት ቢሮ ከመጣች ወዲህ አስናቀን እህል አይጥመውም። ኮምፒውተሮቹን ብቻውን ሲጠግን የኖረው እሱ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር የሚጠራው የእሷ ስም ሆነ። ይባስ ብላ «ጋሽ አስናቀ» እያለች አንቱ ትለዋለች። ገና አርባ ያልሞላው ሰው፣ በአንቱታዋ ጡረታ ውጣ የምትለው ይመስለዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ትልቁ ኮምፒውተር እንቦጭ ሐይቁ ላይ የት የት እንደተስፋፋ የሚያሳይ ካርታ እያሰላ ነበር። ስሌቱ ከተጀመረ ሰንብቷል፤ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ከደቅና ከቁንዝላ የመጡ ጀልባ ነጂዎች ካርታውን ይዘው ሊመለሱ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ርሆቦት ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠች ምስሉ ተንቀጠቀጠና ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ፕሮግራም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው የወደቀው» አለች። ጽሑፍ ብቻ ወደሚያሳየው ኮንሶል የሚያሻግሩትን ቁልፎች ደጋግማ ተጫነች። ወይ ፍንክች!

አስናቀ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ደስ አለው። ማሽኑ እንዳልሞተ፣ የታወረው ዓይኑ ብቻ እንደሆነ፣ ስሌቱም ውስጥ ለውስጥ እየሄደ እንደሆነ ያውቃል። ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ የሚገባበትን መንገድ ያበጀው ራሱ ነው፤ ለእሷ ግን አላሳያትም። «እስቲ ትሞክረው» አለ በሆዱ።

የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ወንጌላዊት መጡ። «ምን ይሻላል ልጄ?»

«በኔትወርክ መግባት ከተቻለ ስሌቱ ይተርፋል። ካልሆነ አጥፍቶ ማስነሳት ነው፤ ያኔ ከዜሮ እንጀምራለን።» ርሆቦት ወደ በሩ ዞረች። «ጋሽ አስናቀ፣ ያበጁት መንገድ ይኖር ይሆን?»

አስናቀ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «እንጃ፣ ረስቼዋለሁ።»

ትክ ብላ አየችውና ጎንበስ ብላ ጣቷን ወደ ማጥፊያው ሰደደች። በመስኮቱ በኩል ከደቅ የመጡት ሽማግሌ፣ አባ ገድሉ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያንቀላፉ ይታያሉ። አስናቀ ሳያስበው ጮኸ።

«ተይው! እንዳትነኪው!»

ላፕቶፑን ከፍቶ በኔትወርኩ ገባ። ስሌቱ አለ። የወደቀውን ድራይቨር አስወጥቶ እንደገና ጫነው፤ ኮንሶሉንም ጠራው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ።

ስክሪኑን ብቻ ሲያዩ የቆዩት ወይዘሮ ወንጌላዊት የርሆቦትን ትከሻ አቀፉ። «ተባረኪ ልጄ! እኔ እኮ አንቺ እያለሽ አልሰጋም።»

የአስናቀ ደም ፈላ።

«እኔማ ላጠፋው ነበር» አለች ርሆቦት። «ያዳኑት ጋሽ አስናቀ ናቸው።» ረስቼዋለሁ ስላለው ነገር ትንፍሽ አላለችም።

ኃላፊዋ እጁን ጨብጠው አመሰገኑት። ስንት ጊዜ የናፈቀው ምስጋና ኮሶ ሆነበት። መዋሸቱን እያወቀች በሰው ፊት አላዋረደችውም፤ እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን እንደማያልፋት ያውቃል። እስከ ዛሬ በእጇ ቅልጥፍና ነበር የሚቀናው፤ አሁን በልቧም ቀናባት።

ከሰዓት በኋላ ካርታው ታትሞ ጀልባ ነጂዎቹ ተሸኙ። አስናቀ ወንበሩን ወደ ርሆቦት ጠረጴዛ ሳበ።

«በኔትወርኩ እንዴት እንደምትገቢ ላሳይሽ» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ረሳሁ ያልሁሽ ውሸቴን ነው።»

«አውቄያለሁ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ፓስወርዱን ይንገሩኝ።»

ፊደል በፊደል ነገራት፤ እያንዳንዱ ፊደል ከሥጋው ላይ የሚነቀል ያህል እያመመው።