አልጫው ቅመም

አርዲስ ድንቹን ቀመሰችና ሹካዋን አስቀመጠች። የእንስላሉ፣ የነጭ ሽንኩርቱና የደረቀው አሬራ ሽታ አለ፤ ጨው ግን የለም።

ድንቹ ላይ የነሰነሰችውን የቅመም ዱቄት የምትቀምመው ራሷ ናት። በማዮኔዝና በወተት በጥብጣ ሰላጣ ላይ ታፈሰዋለች፣ ዶሮ ታሽበታለች። በሚኖሩባት የአሜሪካ ነብራስካ መንደር የቤተ ክርስቲያን ግብዣ ያለ አርዲስ የቅመም ብልቃጥ አይደምቅም። ጨው ረስታ አታውቅም።

ዓይኗ ምራቷ ላይ አረፈ። ልጇ ኬንት ወደ እርሻው ሲመለስ ከከተማ ይዞ ያመጣት ትሪና ስለ ጤናማ ምግብ ማውራት ትወዳለች።

«ቅመሜን ነክተሽዋል?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም! የእርስዎ ወጥ ቤት ማን ደፍሮ ይገባል?» ብላ ሳቀች። ሳቋ አርዲስ ላይ ይብስ ጥርጣሬ ጫረ።

አርዲስ ዱቄቱን ደፍታ አዲስ ቀመመች፤ ቀምሳም አረጋገጠች። እሑድ ምሳ ላይ እንደገና አልጫ! ወትሮ ሳይቀምስ ጨው የሚነሰንሰው ባሏ ኦርቪል እንኳ አንገቱን ደፍቶ ጨው ሳይጨምር ይበላል።

«አንተም ከእሷ ጋር ተባብረህ ታሾፍብኛለህ!» አለችው በጆሮው።

«ምን አደረግሁ ደግሞ?»

በማግስቱ ሌላ ብልቃጥ ሞላችና የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ጋ ስፌት ልሄድ ነው ብላ ወጣች። መኪናዋን ጎረቤት አቁማ በጓሮ በር ተመለሰች። ወጥ ቤት ውስጥ የቆመችው ግን ትሪና አልነበረችም። ኦርቪል ባርኔጣውን እንዳደረገ፣ እጁ ዱቄት በዱቄት ሆኖ፣ ከቆርቆሮ ወደ ብልቃጧ ይገለብጣል።

«ኦርቪል!»

ደንግጦ ግማሹን መሬት ላይ ደፋው። መጋዘን ተደብቆ ራሱ የቀመመው፣ ጨው የሌለበት ዱቄት ነበር።

«ሐኪሙ ጨው ተው ብሎኛል» አለ ቀና ሳይል። «ልብህ ደክሟል አለኝ።»

አርዲስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለኬንት ትነግሪዋለሽ። እሱ ደግሞ መሥራት አትችልም ብሎ ላሞቼን ይሸጥብኛል።»

«እኔ ልጅቷን ስወነጅል አንተ ዝም ትላለህ? አንተ ሰውዬ!» መጀመሪያ ቁጣዋ መጣ፤ እንባዋም ወዲያው ተከተለ።

ማታ ትሪናን ይቅርታ ጠየቀቻት።

«እንደጠረጠሩኝ አውቄያለሁ እኮ» አለች ትሪና፤ «ከገበያ በመጣሁ ቁጥር ቦርሳዬን በጥርጣሬ ሲያዩት ነበር።»

አርዲስ አፈረች። ለኬንትም ኦርቪል ፊት ሁሉንም ነገረችው። ኦርቪል ተኮሳትሮ ወደ ላሞቹ ወጣ፤ ኬንት ተከተለው። ላሞቹ አልተሸጡም፤ የማለቡን ሥራ ግን ከዚያ ወዲያ ኬንት ተረከበው።