የካርታው ከተሞች

የሰፈሩ ሰው "ካርታው" ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሰው ሌላ ምን ይባላል? አገሩ እንደሆነ ሰፊ ነው፤ ከዳር እዳር ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ በየከተማው ቋንቋውም መልኩም ሌላ ነው። ካርታው ያልደረሰበት ትልቅ ከተማ የለም። ማውራት ሲጀምር ጎረቤቱ ሥራ ይፈታል። "የወደቡ ከተማ እኮ!" ይላል፤ "የባሕሩ ንፋስ ኮፍያህን ነጥቆ ለሌላ ሰው ነው የሚያለብሰው!" ሰው በሳቅ ፍርስ ይላል።

ጥግ ላይ ከስፌት መኪናዋ ጋር የተቀመጠችው ሚስቱ ግን አትስቅም። ትሰማለች፣ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች። ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚያች መኪና ላይ አጎንብሳ ነው። ከሰፈሩ ርቃ የሄደችበት ቀን ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም።

እንግዲህ ጡረታ ወጣ። ትልቋ ልጃቸው "አባዬ፣ አሁንስ እማዬን ይዘሃት ዙር፤ ያወራኸውን ሁሉ አሳያት" ብላ የሁለት ሰው ቲኬት ቆርጣ መጣች። ሦስት ትልልቅ ከተማ፣ ዘጠኝ ቀን። እናት ደስታዋን መደበቅ አቃታት። አባት በአፉ "እሰይ!" አለ፤ በልቡ ግን ጉዞው በቀረ ብሎ ተመኘ።

ለምን ቢሉ፣ ካርታው አንዱንም ከተማ አያውቀውም። እውነቱ ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ጥብቅ ነበር፤ ሾፌር ከመናኸሪያው ግቢ ሳይወጣ ያርፋል፣ ሲነጋ ተሳፋሪ ጭኖ ይመለሳል። እሱ ደግሞ አይጣል ነው፣ ደንብ ከተባለ ንቅንቅ አይልም። ከተማውን የሚያውቀው መሪ ጨብጦ፣ በሚገባበትና በሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ ነው። የቀረውን ከተሳፋሪ አፍ እየለቀመ፣ ሲያንሰው ከራሱ እየጨመረበት ነው ያወራው። አሁን ሚስቱ ይህን ብታውቅ በየትኛው ዓይኑ ያያታል? "ለካ ሠላሳ ዓመት የኖርኩት ከውሸታም ጋር ነው" ስትለው ከወዲሁ ታየው።

በመጀመሪያው ከተማ ብልሃት አላጣም። "እግርሽ እንዳይደክም" ብሎ ታክሲ ያዘ፤ ባለታክሲው እያዞረ ሲያስረዳ እሱ "ልክ ነው፣ እንደሱ ነው" እያለ ራሱን ይነቀንቃል። በሁለተኛው ከተማ ግን ሚስቱ አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ ፊት ቆመችና "እስቲ በቋንቋቸው ሰላም በልልኝ" አለችው። ካርታው በዚያ ቋንቋ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ "ውረዱ" እና "ዕቃ እንዳትረሱ"። ምን ያድርግ! ጉሮሮውን ጠራርጎ ሁለቱንም አላት። ሴትየዋ ደንግጣ ዙሪያዋን ቃኘች፣ ቅርጫቷንም ሰብሰብ አደረገች።

"ምን አልካት?"

"ጤና ይስጥሽ ነው ያልኳት።"

የወደቡ ከተማ ሲደርሱ ሚስት "ዛሬ ታክሲ የለም" አለች። "ባሕሩን በእግሬ ሄጄ ነው የማየው። አንተ ምራኝ።"

መራት። ከማረፊያቸው ወጥቶ አንዲት የሚያውቃት መንገድ ሲያገኝ እፎይ አለና በእሷው ቀጠለ። የአውቶቡስ መንገድ ናት። ሰዉ አደባባዩን በአቋራጭ ሲያልፍ እሱ ሙሉውን ዞረ፤ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ቆም ብሎ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ያያል።

"ምን ሆነሃል?"

"ከኋላ መኪና እንዳይኖር ብዬ ነው።"

"እና እኛ መኪና ነን?"

አንድ ሰዓት ሙሉ ሄዱ። ባሕር የለም። "ይቺን ብቻ እንታጠፍ" አላት። ታጠፉ። ፊታቸው ድቅን ያለው የመናኸሪያው የብረት በር ነው! የባሰው ደግሞ እግሩ ለምዶበት ኖሮ በሩ እስኪከፈትለት ቆሞ ጠበቀ።

ዘበኛው ገና ሲያየው እጁን ዘርግቶ መጣ። "ውይ ጋሼ! ጡረታ ወጡ ሲሉን እንዴት ከፍቶን ነበር! እርስዎ ባለቤታቸው ነዎት፣ እትዬ? ይግቡ፣ ይግቡ!" ካርታው ቢጠቅሰው፣ ጉሮሮውን ቢጠርግ፣ ማን ሰምቶት። "እንደሳቸው ያለ ሾፌር አላየሁም። ሌላው ሾልኮ ይወጣል፤ እሳቸው ግን እኔ ይህን በር ሃያ ሁለት ዓመት ስጠብቅ አንድ ቀን በእግራቸው ወጥተው አያውቁም። ኑ፣ ክፍላቸውን ላሳይዎት።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ጠራ። ካርታው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ክፍሏ ከአውቶቡስ ማጠቢያው ጀርባ ናት። ሲነኩት የሚንቋቋ የብረት አልጋ፣ ለልብስ መስቀያ የተመታ ምስማር፣ መስኮት የተባለች ቀዳዳ፤ በእሷም የሚታየው የጎማ ክምር ነው። ቤቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናትና ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ብርድ ልብሱ ላይ ነው። ጫፉ ተቀዶ በወፍራም ክር እንደነገሩ ተሰፍቷል።

"ይሄን ማን ሰፋው?"

"እኔ።"

አልጋው ላይ ቁጭ አለች። "ባሕሩስ?"

"አይቼው አላውቅም።"

"ያ ሁሉ ገበያ፣ ያ ሁሉ ድልድይስ?"

"ከተሳፋሪ የሰማሁት ነው።"

"ታዲያ ለምን?"

ካርታው ግድግዳውን እያየ ተናገረ። "ስመለስ 'ምን አየህ?' ትይኛለሽ። የጎማ ክምር አየሁ ልበልሽ? አንቺ አጎንብሰሽ ስትሰፊ ውለሽ፣ እኔ ባዶ እጄን መግባት አፈርኩ። የማመጣልሽ ወሬ ብቻ ነበር።"

እስክትጮህበት ጠበቀ። እሷ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

"ቀናሁብህ" አለች። "አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት ቀናሁብህ! እኔ ዓይኔ እስኪጠፋ ስሰፋ እሱ ዓለሙን ይቀጫል እያልኩ አንጀቴ ሲያርር ኖረ። ምን አደርግ እንደነበር ታውቃለህ? ከመንገድ ስትመጣ እራትህን አላሞቅልህም ነበር። ሆን ብዬ ነው። ምድጃው አጠገቤ እያለ! በየከተማው ጥሩ ጥሩውን በልቶ መጥቷል፣ የኔን ቀዝቃዛ ይብላ እያልኩ። አንተ ለካ እዚህ ኖረሃል!"

ካርታው እያንዳንዷን ቀዝቃዛ ሳህን ያስታውሳታል። ደክሟት ነው እያለ ነበር የበላው። አጠገቧ ተቀመጠ፤ አልጋው ተንቋቋ።

"ቀዝቃዛ ነበር እንዴ?" አለ። "እኔ ልብ አላልኩም።"

ቀና ብላ አየችው። "ዛሬም ትዋሻለህ!" አለች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ አመለጣት።

ሲወጡ ዘበኛው የባሕሩን አቅጣጫ በእጁ ሊያሳያቸው ጀመረ፤ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሚስት ግን አቋረጠችው። "ባሕሩ የትም አይሄድም፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ምግብ ቤት አሳየን።"

ምግብ ቤቱ ከበሩ ማዶ ነበር። አስተናጋጁ ሳህኑን አምጥቶ ካርታው ፊት ሲያስቀምጥ፣ ሚስቱ እጇን ዘርግታ በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችው።

"ይሄማ አልሞቀም፣ ልጄ" አለች። "መልሰህ አሙቅልኝ።"