ቀበቶ የታጠቀው ድብ

የልጅቷ የእንጀራ አባት የመጽሐፏን ሦስተኛ ገጽ ገለጠ። አልተቀመጠም፤ ልጅቷ በር ላይ ያወለቀችውን ጫማ እስክታደርግ ቆሞ ነው የሚያነበው።

"ድብ ደግሞ ቀበቶ ይታጠቃል እንዴ?" አለ እየሳቀ።

"ልጆች አይደሉ? ያሻቸውን ያለብሱታል" አለች የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ እሷም ሳቅ ብላ።

ልጆቹ የፈጠሩትን ተረት በስቴፕለር ሰፍታ፣ ሽፋኑ ላይ "ደራሲ" ብላ ስማቸውን ጽፋ መደርደሪያ ላይ ማኖር የእሷ ወግ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "የልባችሁን ጻፉ፣ ማንም አይቆጣችሁም" ስትላቸው ኖራለች። የዛሬዋ ደራሲ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በተረቷ ውስጥ እናት ለማታ ሥራ ስትወጣ አንድ ድብ ደረጃውን እየቆጠረ ይመጣል። ጠዋት ጮክ ተብሎ ሲነበብ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሴትዮዋም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ፣ ደስ ብሏት መጽሐፉን ሁሉም የሚያየው ቦታ፣ መስኮቱ ላይ አቆመችው።

አሁን ሰውየው ጃኬቱን ገለጥ ሲያደርግ ዓይኗ ወገቡ ላይ ዐረፈ። የቀበቶው ዘለበት የፈረስ ራስ ነው። ልጅቷ ለድቡ የሳለችለትም የፈረስ ራስ ነው። ጠዋት "ፈረስ እዚህ ምን አገባው?" ብላ ስትጠይቃት፣ ልጅቷ ትከሻዋን ብቻ ሰበቀች። ነገር በምሳሌ ይሉ የለ፤ ሴትዮዋ ግን በምሳሌው ስትስቅ ነገሩ አምልጧት ነበር።

የመጨረሻው ገጽ ትዝ አላት። የተረቷ ትንሽ ልጅ ከድቡ የምትደበቅበት ቦታ በቀለም ተሥሏል፤ በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ነው። መጽሐፉ ስድስት ገጽ ብቻ ነው። ሰውየው አምስተኛው ላይ ደርሷል።

"ይቅርታ፣ ማኅተም አልተመታበትም" ብላ ከእጁ ወሰደችው።

"እቤት እንጨርሰዋለን፣ እትዬ። መጨረሻውን ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።" ፈገግታው አልጠፋም፤ እጁ ግን እንደተዘረጋ ቀረ።

ልጅቷ አንዱን ጫማ አድርጋ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ብቅ አለች። መጽሐፉን አየች፤ እሱን አየች። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

"ዝም ብሎ ተረት ነው" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሴትዮዋ ፈራች። ሌሎቹ ልጆች ሄደዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ከሦስቱ በቀር ሰው የለም። መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ቆለፈችና የመዝገብ ደብተሩን ገለጠች።

"ያስመዘገበቻት እናቷ ናት። እሷ መጥታ ካልፈረመች አትወጣም።"

"ባለፈው ሳምንት የወሰድኳት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"ባለፈው ሳምንት ተሳስቻለሁ።"

ስልኩን አንስታ የእናትየውን ቁጥር መደወል ጀመረች።

"ነይ የኔ ልጅ" አለች፣ ዓይኗን ከሰውየው ሳትነቅል። "ጫማሽን አውልቂ።"