ቅቤ የወጣበት ቤት

ዘነበ ጉበቱ ላይ ስብ አለ የተባለ ዕለት ሚስቱ አስቻለች ቁጣዋን ሁሉ በቅቤው ላይ ነው ያወረደችው። ስብ ከስብ ካልመጣ ከየት ይመጣል? ሰውዬው እንደሆነ ከቢሮ ቤት፣ ከቤት ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን እንጂ መጠጥ አይቀምስ። ቅቤው ተጠራርጎ ላንቻ ሰፈር ወዳለችው እህቷ ቤት ተላከ። ሥጋማ ካዛንቺስ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ሳይደርስ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ረቡዕና ዓርብ አልበቃ ብሏት ባሏን ሳምንቱን ሙሉ አስጾመችው።

ነገር ግን በጾም ስም አታስርበውም። ባቄላና ሽሮ ለበሽተኛ ሆድ ይከብዳል ብላ ተወችው፤ ጥቁር ጤፉንም እንዲሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ጠዋት ፉርኖ ዳቦ በማርማላታ፣ ምሳ ፓስታ፣ ማታ ነጭ ሩዝ። ጉልበት እንዲሆነው ደግሞ ስኳር የተጨመረበት የማንጎ ጭማቂ፣ ያውም ቃጫው በወንፊት ተጣርቶ የወጣ።

«ኧረ አስቹ፣ ሽሮ አማረኝ» ሲላት፣

«በቃ፣ ዝም ብለህ ብላ! እኔ ያላንተ ማን አለኝ?» ትለዋለች። እሱም ዝም ብሎ ይበላል።

ትናንት ለክትትል አብረው ክሊኒክ ሄዱ። ዶክተር ሪሐና የአልትራሳውንዱን ውጤት ደጋግማ አየችው።

«ጋሼ፣ ስቡ ጨምሯል። ጉበትዎም ጠባሳ እየያዘ ነው። ምንድነው የሚመገቡት?»

ዘነበ ቅቤ መተዉን ጭምር በኩራት ዘረዘረላት። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ማለቴ፣ ቅቤው ብቻ እኮ አይደለም። ነጭ ዱቄትና ስኳር ሲበዛ ጉበት ራሱ ወደ ስብ ይቀይረዋል። የሚረዳዎት ፋይበር ያለው ነገር ነበር፤ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ያልተፈተገው እህል። እሱን ማን አስተወዎት?»

አስቻለች ዞር ብላ ባሏን አየችው። በገዛ እጇ፣ እያጎረሰች! እኔ ነኝ ልትል ፈለገች፤ ባሏ ግን ቀደማት።

«እኔው ነኝ» አለ ዘነበ። «እሷማ ሽሮ ብላ እያለች ስትለምነኝ ነው የከረመችው። ፓስታ ካልሆነ እያልኩ አስቸገርኳት።»

አስቻለች ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እንባዋ ግን በዓይኗ መጣ።

ዶክተሯ አዘነችላት፤ ዘነበንም ቆጣ ብላ አየችው። «ይኸው እኮ፣ ሰው አይሰሙም። ከዛሬ ጀምሮ ባለቤትዎ የሚሰጡዎትን ብቻ ነው የሚበሉት!»

«እሺ» አለ ዘነበ።