በፈረስ ላይ ያለው ንጉሥ

«ያ ሰውዬ ዛሬም መጣ» አለች ኢቬት፣ የወንድሟ አስከሬን ካረፈበት ክፍል በር ላይ ቆማ፣ በሹክሹክታ።

«አይቼዋለሁ።» ኦዲል ባሏ ማርሴላን ካረፈ ወዲህ ዓይኗን ከሰውዬው ላይ አልነቀለችም።

ኤድሞን ይባላል። እሱና ማርሴላን በሎሽ ከተማ የጥንት ነገሥታት ያስመቷቸውን የወርቅ ሳንቲሞች ሲሰበስቡ፣ አንዱ ያገኘውን ሌላው ሲመኝ የሸበቱ ባላንጣዎች ነበሩ። ሌላው ለቀስተኛ ሬሳው ላይ ጸበል ረጭቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ኤድሞን ግን ካፖርቱን ኮሪደሩ ላይ ይሰቅልና ከሳንቲሞቹ መሳቢያ ትይዩ ይቀመጣል። አይናገር፣ አያለቅስ።

«ወንድሜ አፈር ሳይለብስ ሊዘርፈን ነው!»

«የመሳቢያው ቁልፍ ጉያዬ ውስጥ ነው። እስቲ ይሞክራት!»

በመሳቢያው ውስጥ ነገሥታቱ በየዘመናቸው ተደርድረዋል። አንዲት ቦታ ብቻ ባዶ ናት። የዚያች ቦታ ንጉሥ ሰይፉን መዝዞ በፈረስ የሚጋልበው ነው፤ ሳንቲሟ ያለችው ኤድሞን ጋ ነው። ማርሴላን እሁድ እሁድ እንዲሰጠው ሊለምነው ይሄድ ነበር፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ያ ስስታም! ዛሬም እምቢ አለኝ» ብሎ ይስቃል። ሳቁ ግን ቶሎ ይከስም ነበር።

ኤድሞን ሊሰናበት ወደ ሬሳው ሲገባ ኦዲል ኮሪደሩ ላይ የካፖርቱን ኪስ በረበረች። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ፈታችው፤ ወርቅ! ደሟ ፈላ፤ ተንደርድራ ገባች።

«ሙሲዬ ኤድሞን! ይሄ ምንድን ነው? እሱው ፊት ይንገሩኝ!»

ኤድሞን ከሬሳው ወደ እሷ ዞረ።

«የእኔ ነው፣ ማዳም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የእኛ ወርቅ የእርስዎ የሆነው?»

«ይመልከቷት እስቲ።»

ወደ ሻማው አስጠጋቻት። ፈረስ። የተመዘዘ ሰይፍ።

«በየቀኑ ልሰጥዎት እመጣለሁ፤ እጄ እምቢ ይለኛል» አለ ኤድሞን። «በሕይወት ሳለ ብሰጠው ኖሮ፣ እሁድ እሁድ ምን ብሎ ይመጣልኛል? ከእሱ ሌላ በሬን የሚያንኳኳ ማን ነበረኝ?»

«እንዳታምኚው፤ የሐሰት ትሆናለች» አለች ኢቬት።

ኦዲል ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ካፖርቱን ለብሶ አዝራሮቹን ሊቆልፍ ሲታገል አየች። ተከትላው ወጣች። ሳንቲሟን በግራ እጇ እንደጨበጠች በቀኟ ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈችለት። አንገቱ ሥር ስትደርስ የመጨረሻውን አዝራር ይዛ ቀረች፤ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።